ሳተላይቱ ጭቃውን አያይም

አዲስ አበቤ መንገድ ሲያመላክት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ከአደባባዩ ቀጥ በይ፣ ድሮ ፎቶ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርሺ ወደ ውስጥ ታጠፊ፣ ሰማያዊ በር ነው፤ ካጣሽው ደውይልኝ።» ፎቶ ቤቱ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! በሩም ግራጫ ተቀብቷል። እኛ ግን እንደርሳለን። እንዴት እንደምንደርስ ለእንግዳ ማስረዳት ያስቸግራል እንጂ እንደርሳለን።

በእንዲህ ዓይነት አድራሻ ያደገ ቤተሰብ፣ ሞተር ሳይክል መሪ ላይ ስለሚታሰር የሳተላይት መንገድ ጠቋሚ (በአጭሩ ጂፒኤስ) ሲከራከር አስቡት። ክርክሩ የተካሄደው እኛ ቤት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እራት የበላነው በዚሁ ወሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሞተር አለው። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ በሞተር መንቀሳቀስ ሲከለከል፣ ሞተሯን ዓለም ገና ወደሚኖር ጓደኛው ግቢ ወሰዳት፤ እሷም እዛው ቀረች። ከዛ ወዲህ ከተማ ውስጥ መሹለክለኩን ትቶ ረዥም መንገድ መውጣት ለመደ። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ከዓለም ገና ተነስቶ፣ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ሊወርድ ቆረጠ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የኋላው ወንበር የኔ ነበር።

እማዬ ይሄን ስትሰማ ሁለት ነገር ጠየቀች። የመጀመሪያው «በሞተር? መኪና ጠፍቶ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «መንገዱንስ ማን ያሳያችኋል?» የሚል ነው። ወንድሜ ለሁለተኛው መልስ ነበረው። «ጂፒኤስ እገዛለሁ» አለ። ጦርነቱ የተጀመረው ያኔ ነው።

ሰማዩ ነፃ ነው

መጀመሪያ አንድ ወሬ እናጥራ። ብዙ ሰው (እኛ ቤትም ጭምር) «ኢንተርኔት ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም» ይላል። እንዲህ አይደለም። ጂፒኤስ የአሜሪካ ጦር የሠራው ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1978 መጠቀች፤ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ የተባለው በ1995 ነው። እስከ 2000 ድረስ ለእንደኛ ዓይነቱ ተራ ሰው የሚለቀቀው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲሳሳት ይደረግ ነበር። በዚያ ዓመት ሜይ ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህን አስቀሩት። ሞተረኛም፣ ዓሣ አጥማጅም፣ ታክሲም በጂፒኤስ መመራት የቻለው ከዛ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው አንድ ነገር ብቻ ይለፍፋሉ፤ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱ ይሄ ነው» ይላሉ። መሣሪያችሁ ይሄን ይሰማል፤ ድምፁ ስንት ዘግይቶ እንደደረሰ ያሰላል፤ ከዛ ርቀቱን ያውቃል። ቦታውን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይት መስማት አለበት። (እማዬም አራት ዘመድ ጋ ሳትደውል ያለንበትን ቦታ አታምንም፤ ያው ነው።) መሣሪያው ይሰማል እንጂ ወደ ሰማይ የሚልከው ነገር የለም። ሲም አይፈልግም፣ ካርድ አይሞላም። ዛሬ ደግሞ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ስላሉ፣ ደህና ስልክ የሁሉንም ይሰማል።

ኢንተርኔት የሚጠይቀው ካርታው ነው። ካርታውን አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያላወረደ ሰው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያየው ባዶ ግራጫ ሜዳ ላይ የተተከለች ሰማያዊ ነጥብ ነው። የት እንዳለ ያውቃል፤ ያለበት ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ ያየን ሰዎች ይሄ አይጠፋንም። ለእኛ አገር መንገደኛ የመጀመሪያው መመዘኛ እንግዲህ ይሄ ነው። ካርታው ያለ ኔትወርክ ይከፈታል ወይ?

ሦስቱ ተወዳዳሪዎች

ወንድሜ የፈለገው ለሞተር ተብሎ የተሠራውን ጋርሚን ዙሞ ኤክስቲ ነው። አልዋሽም፣ የሚያምር ዕቃ ነው። ስክሪኑ 5.5 ኢንች ነው፣ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ በጓንት ይነካል፣ ዝናብ አይፈራም። አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ የሚችል ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። 500 ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ምንዛሪ 28 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ከ50 ሺህ አልፎ ሄዷል፤ ያውም ጉምሩክ ሳይጨመር! ቨርጂኒያ ያለችው የአክስታችን ልጅ «ላመጣልህ እችላለሁ» ብላ ተስፋ ሰጥታው ነበር። ግን አሜሪካ የሚሸጠው ዙሞ ይዞ የሚመጣው የሰሜን አሜሪካን ካርታ ነው። የቨርጂኒያን ጓሮ እያሳየ ሆሳዕና አያደርስም። በፈቃደኞች ከተሠራው ኦፕንስትሪትማፕ የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ካርታ በነፃ አውርዶ መጫን ይቻላል። ግን ካርታው ነፃ ከሆነ፣ 500 ዶላሩ የሚከፈለው ለስክሪኑ ነው ማለት ነው።

(በነገራችን ላይ እነዚህ የሞተር ጂፒኤሶች «ጠመዝማዛ መንገድ ምረጥልኝ» የሚል ትእዛዝ አላቸው። አውሮፓ ቀጥ ያለው መንገድ ሰልችቷቸው ነው። እኛ አገር መሣሪያውን «ጠመዝማዛ ፈልግልኝ» ብሎ ማስቸገር፣ ዓባይ ዳር ቆሞ ውኃ በላስቲክ እንደመግዛት ነው።)

ሁለተኛው ተወዳዳሪ የወንድሜ ዋና ስልክ ነበር። መሪው ላይ አስሮ መሄድ ቀላል ይመስላል። ግን ስልክ ቀጥታ ፀሐይ ሲመታው ይግልና ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ብሶበት ሲሄድም ይዘጋል። ንዝረቱም ሌላ ጣጣ ነው። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021፣ የትልልቅ ሞተሮች ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ በትንንሾቹ ላይም ቢሆን ንዝረት የሚቀንስ ማሰሪያ ተጠቀሙ ብሏል። ከሁሉ በላይ ግን ያ ስልክ ድንገት ብንወድቅ ለእርዳታ የምንደውልበት ነው። የምትደውልበትንና የምትመራበትን አንድ ላይ አስረህ ከጣልክ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አጣህ።

ሦስተኛው ተወዳዳሪ የኔ ነበር። መሳቢያ ውስጥ የተኛ፣ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ፣ ማንም ሌባ የማይጎመጀው አሮጌ አንድሮይድ። ሲሙን አወጣሁ። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫንኩበት። ካርታውን ቤት ዋይፋይ ላይ አወረድኩ። ከሞተሯ ባትሪ የሚሞላበት ገመድ ተዘረጋለት። ወጪያችን ማሰሪያውና ገመዱ ብቻ ሆነ። አሸነፍኩ። እማዬ ግን ለማንም ድምፅ አልሰጠችም። «ሰው ጠይቁ» ብላ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ዓይን የማን ነው?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዕቃ ነው። ልብ ብሎ ላሰበው ግን የሚገዛው ስክሪን፣ የሚከፈለው ዓይን ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሞተር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ስክሪን ላይ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ብታፈጡ፣ 44 ሜትር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው። በእኛ መንገድ 44 ሜትር ውስጥ አህያ ይገባል፣ ፍየል ይገባል፣ ኳሱን ተከትሎ የሚሮጥ ሕፃን ይገባል። መኪና ላይ ቢያንስ ዙሪያችሁን ቆርቆሮ አለ። ሞተር ላይ ቆርቆሮው እናንተው ናችሁ።

ስለዚህ ከጂፒኤስ ሁሉ የተሻለው ብዙ የሚያሳየው ሳይሆን ዓይናችሁን ለመንገዱ የሚተወው ነው። ብቻውን የሚነዳ ሰው ድምፁን በሄልሜቱ ውስጥ ይስማ፤ ስክሪኑን ማየት ያለበት ቆሞ ነው። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ የእኛን ዘዴ እነሆ። ስልኩን ከመሪው ላይ አንስተን ለእኔ ሰጠነው። ግራ ትከሻውን ከነካሁ ወደ ግራ፣ ቀኙን ከነካሁ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱንም ከያዝኩ ቁም። በተጨማሪ የከተሞቹን ስም በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጽፈን ሰልባትዮው ላይ በፕላስተር ለጠፍነው፤ ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ሆሳዕና፣ አረካ፣ ሶዶ። ወረቀት ቻርጅ አይጨርስም።

«ሳተላይት ነው፣ አባባ»

እስከ ቡታጅራ መሣሪያው ምንም ሥራ አልነበረውም። መልካ ቁንጡሬን አልፈን፣ ጢያ ላይ የትክል ድንጋዮቹን አይተን፣ አስፋልቱን ተከትለን ወረድን። የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው ከስም ነው። ሆሳዕናን በላቲን ፊደል ስትጽፉት በአንድ ኤስ ነው በሁለት? መጨረሻው ላይ ኤች አለው የለውም? ሰውየው «ዝዋይ» የሚልህን ካርታው «ባቱ» ይልሃል፤ አንዱ «ናዝሬት» ሲል ሌላው «አዳማ» ይላል። ስም የታሪክ ጉዳይ ነው፣ መሣሪያው ግን ታሪክ አያውቅም፤ ፊደል ነው የሚቆጥረው። መፍትሔው መድረሻን በስም መፈለግ ትቶ፣ ማታውኑ ካርታው ላይ በጣት ነክቶ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ከሆሳዕና ካለፍን በኋላ መጣ። መሣሪያው ወደ ግራ የምትታጠፍ አጭር መንገድ አሳየን። ወንድሜ ለመታጠፍ ሲዘጋጅ ሁለት ትከሻውን ያዝኩት። ቆመን፣ መገንጠያው ላይ ለተቀመጡ ሽማግሌ ሰላምታ ሰጠን። ከየት እንደመጣን፣ የማን ልጆች እንደሆንን፣ ለምን መኪና እንዳልያዝን ከተጠየቅን በኋላ ወደ ጉዳያችን ገባን።

«በዚያ በኩል? ትናንት ማታ የጣለውን ዝናብ አላያችሁም? እንኳን ሞተር በቅሎም አይሄድ። ማን ነው በዚህ ሂዱ ያላችሁ?»

«ሳተላይት ነው፣ አባባ።»

ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ሞተሯ አዩ። «ታዲያ ከላይ ሆኖ ጭቃውን አላየውም?»

አላየውም። ሳተላይቱ እኮ ምንም አያይም። ስለ ቦታና ስለ ሰዓት ይለፍፋል እንጂ። መንገዱን «አጭር» ያለው ካርታው ነው፤ ለካርታው አስፋልትም፣ ኮረኮንችም፣ ዝናብ ያጠበው ፒስታም፣ ሰው ካልነገረው በስተቀር መስመር ነው። መሣሪያው የገበያ ቀን መሆኑን አያውቅም። ማደያው ክፍት ሆኖ ቤንዚን እንደሌለው አያውቅም። «ፈጣን» እና «አጭር» የሚሉት ምርጫዎች ይለያያሉ፤ ሞተረኛ ሁሉ ከመነሳቱ በፊት «አጭር» የሚለውን ያጥፋው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በዚህ ዘመን ከ«ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። «መንገዱ ሰላም ነው?» ይሄን ጥያቄ የሚመልስ ሳተላይት ማንም አላመጠቀም። እኛ ከመነሳታችን በፊት እማዬ ሆሳዕናና ሶዶ ያሉ ዘመዶቿ ጋ ደውላለች። እሺ ያሏት ዕለት ነው የወጣነው። ባይሏት ኖሮ፣ ዙሞም ቢኖረን አንወጣም ነበር።

የት እና እንዴት

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚነግሩን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ነው። ጂፒኤስ ከእነዚህ ሁለቱን፣ «የት»ን እና «መቼ»ን፣ ከየትኛውም ዘጋቢ በተሻለ ይመልሳል። የቀሩትን አራቱን ለመመለስ ግን መውረድና መጠየቅ ያስፈልጋል። ይሄ የመሣሪያው ድክመት አይደለም፤ ሥራው አይደለምና ነው። ድክመት የሚሆነው «የት»ን ያወቀ ሰው ሁሉን ያወቀ ሲመስለው ነው።

ካርታውም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረ፣ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ የሚሞሉት ነው። አንድ ቀበሌ እዛ ላይ ከሌለ፣ የሌለው ማንም ስላልጻፈው ነው። ስንመለስ ያቺን መገንጠያ ፈልጌ አገኘኋትና አስፋልት አለመሆኗን መዘገብኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዛ ወዲህ እዛ ጋ የሚደርስ ሞተረኛ፣ ሽማግሌው ገበያ ሄደው ቢያጣቸው እንኳ፣ ከነገሩን ግማሹን ያገኛል።

ሌላው ግማሽ ግን መቼም ካርታ ላይ አይወጣም፤ የዛሬው ጭቃ ነዋ። እንግዲህ ሞተር ላላችሁ፣ ወይም የሞተር ኋላ ወንበር ለተሰጣችሁ፤ ካርታችሁን ቤት አውርዱ፣ አሮጌ ስልካችሁን አትሽጡ፣ የምትደውሉበትን ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፣ ዓይናችሁን ለመንገዱ ተዉለት። መገንጠያ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሞተሩን አጥፉ፣ ሄልሜታችሁን አውልቁ፣ መጀመሪያ ሰላም በሉ። በእኛ አገር መንገድ የሚጠየቀው ከሰላምታ በኋላ ነው።

ሰላም ግቡ!