«ተመዝግቧል» ሲባል የመሰከረው ማን ነው?

ገንዘብ ተልኮ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሰው ጉዳዩ አለቀ ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ከጀርባ ያለው ዳታቤዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን በቀጥታ አይነካም። መረጃውን ለፋይል ሲስተሙ ያስረክባል። ያ ደግሞ ለፍጥነት ሲል መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል፤ መብራት ከጠፋ ሜሞሪ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ኤፍሲንክ የሚባለው ትእዛዝ የመጣው ለዚህ ነው፦ «አሁኑኑ ዲስክ ላይ አውርደው፤ ሳይወርድ እሺ እንዳትለኝ።»

ይህ «እሺ» ምን ያህል ይታመናል? እ.ኤ.አ. በ2018 የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሠሪዎችን ያስደነገጠው ይኸው ጥያቄ ነበር። ሊኑክስ ላይ ጽሑፉ ዲስክ ላይ ሳይወርድ ሲቀር ኤፍሲንክ ስህተቱን ይናገራል። ዳታቤዙ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። በሁለተኛው ሙከራ «እሺ» ይባላል፤ ሊኑክስ ያልወረደውን እንደወረደ ቆጥሮታልና። ዳታቤዙም ይህን አምኖ የመጠባበቂያ መዝገቡን «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ ይጥለዋል። መረጃው የለም፣ ምስክሩ ግን አለ! በ2019 የወጣው ማስተካከያ ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ትክክል ነው፦ ኤፍሲንክ ከከሸፈ ዳታቤዙ ራሱን ያጠፋል፣ ሲነሳም ከመጠባበቂያ መዝገቡ ይጀምራል።

«የእኛ ዳታቤዝ በሦስት ማሽን ላይ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ አሉ» የሚሉ አይጠፉም። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ለምሳሌ ካሳንድራ ቅንብሩ ካልተነካ መዝገቡን ዲስክ ላይ የሚያወርደው በየ10 ሰከንዱ ሲሆን፣ «ተመዝግቧል» የሚለው ግን ያን ሳይጠብቅ ነው። ስሌቱ ሦስቱ ማሽኖች በአንድ ቅጽበት አይወድቁም የሚል ነው። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ የመብራት መስመር ላይ ከተሰኩስ? ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ባትሪው ካልያዘ፣ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ከሦስቱም ቅጂዎች ይጠፋሉ። መብራት መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅበት ከተማ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ቅንብሩን መቀየር ይቻላል፤ ዋጋው ፍጥነት ነው። ለፌስቡክ ላይክ ቢሆን ማንም አይከፍለውም፣ ባይከፍልም አይፈረድበትም። የሰው ደመወዝ የሚያስተላልፍ ተቋም ግን ሲስተም ሲገዛ «ስንት ቅጂ አለው?» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም። «እሺ የሚለው ከኤፍሲንክ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሦስቱ ማሽኖችስ መብራት የሚያገኙት ከየት ከየት ነው?» ብሎ ሻጩን ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።