የገበያ ትምህርት በክፍል ውስጥ

ልጆቻችሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትልኩ ወላጆች ሆይ፤ እኛ የኢኮኖሚክስን ትምህርት ለብዙ ዓመት ያስተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት መሥመር አሥምረን፤ አንዱን የገዢ፤ አንዱን የሻጭ ብለን፤ የሚገናኙበትንም ነጥብ ዋጋ ብለን በመሰየም ነበር። ተማሪዎቹም በቃላቸው ይዘው በፈተና ቀን ይመልሱልናል፤ እኛም ያወቁ ይመስለናል።

ከነዚሁ መካከል እናቷ በገበያ ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ተማሪ ነበረች። የገዢውን መሥመር በሻጩ ቦታ ስለ ሣለች፤ ምክንያቱን እንኳ ሳንጠይቃት የመውደቂያ ነጥብ ሰጠናት።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ሌላ ዘዴ ለመሞከር አሰብን። ኤድዋርድ ቼምበርሊን የተባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ተማሪዎቹን ገዢና ሻጭ አድርጎ በክፍል ውስጥ አገበያይቶ፤ ያየውን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ጽፎ አውጥቶ ነበር። ተማሪዎቹ እየዞሩ ሁለት ሁለት ሆነው ሲስማሙ፤ ዋጋው መጽሐፉ ከሚለው ጋር አልገጠመም። በዚያ መምህር ክፍል ተቀምጦ የተማረው ቬርኖን ስሚዝ ግን በ1956 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፤ ዋጋው ሁሉም እየሰማ በድምፅ እንዲጠራ፤ ገበያውም ተደጋግሞ እንዲቆም አደረገ። ዋጋውም ወደ መገናኛው ነጥብ እየተጠጋ ሄደ። እንዲህ ስላለው ሥራው በ2002 የኖቤልን ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፈለ።

እኛም ይህንኑ አደረግን። ለሻጮቹ «ከዚህ በታች አትሽጥ»፤ ለገዢዎቹ «ከዚህ በላይ አትግዛ» የሚል ካርድ በምስጢር አደልን። በመጀመሪያው ዙር ክፍሉ በጩኸት ተሞላ (የጎረቤት ክፍል መምህርም መጥተው ተቈጡን)፤ በአራተኛው ዙር ግን ዋጋው ሁሉ በ900 ብር አጠገብ ተሰበሰበ። ያች ልጅ ትምህርቱን ደግማ ትማር ነበርና፤ የደረሳት ካርድ 980 ብር የሚል ስለ ሆነ አንድ ጊዜም ሳትሸጥ ቀረች። ጓደኞቿ ሲሥቁባት፤ «በዚህ ዋጋ ከምሰጥ ይዤው ብመለስ ይሻለኛል፤ እናቴም እንዲህ ታደርጋለች» አለች።

ከዚህ በኋላ ሻጮቹን ከትንሹ ካርድ እስከ ትልቁ በተርታ አቆምናቸውና ቁጥራቸውን በሰሌዳው ላይ በነጥብ አመለከትን። ከፍ እያለ የሚሄደው የሻጭ መሥመር ወጣ። ልጅቱም ጥቂት ከተመለከተች በኋላ፤ «መምህር፤ እርስዎ አምና የሣሉት መሥመር ሰዎች ተሰልፈው ነው እንዴ? እናቴስ የት ላይ ነው የምትቆመው?» አለችን።

ጠመኔውን ሰጠናት። እርስዋም ከመገናኛው በስተቀኝ፤ ከፍ ብሎ ባለው የመሥመሩ ጫፍ ላይ አንድ ነጥብ አሳረፈች። የአምናው የፈተና ነጥቧ ግን በመዝገብ ላይ እንደ ተጻፈ ነው።