የአንዲት ቅንፍ ጣጣ

የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲነሳ ሁላችንም የምናወራው ስለ ውጤት ነው። እኔ ግን ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ስለ አንዲት ቅንፍ ነው።

ፕሮጀክታችን ለግቢያችን ክበባት የሚሆን አነስተኛ የብሎግ ሶፍትዌር ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሁሉም ክበብ በአንድ ሶፍትዌር ይጽፋል፣ መልኩን ግን እንደየምርጫው ይቀያይራል። የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ተለቅ ያለ ፊደልና ሰፊ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ የስፖርት ክበቡ ደግሞ ገጹ በፎቶ እንዲሞላለት። ቲም የሚባለው የገጽ መልክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ነበርን። ኮዱ የእኔ፣ ዲዛይኑ የአንዷ ጓደኛችን፣ ሰነዱ የሦስተኛው ልጅ ድርሻ ሆነ።

እኔ ሆዬ ሁሉንም ነገር በአንድ የፒ ኤች ፒ ፋይል ውስጥ አጨቅኩት። ዳታቤዙን የሚጠይቀው ኩዌሪ፣ የተጠቃሚው ማጣሪያ፣ ኤች ቲ ኤም ኤሉ፣ ሁሉም እንደ ፍርፍር ተደባለቀ። ይሠራል አይደል? ይሠራል። የመጀመሪያው ገለጻ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ጓደኛችን ቀኑን ከርዕሱ ሥር አንስታ ከላይ ልታደርገው ስትሞክር አንዲት ቅንፍ አብራ ሰረዘች። ገጹ ነጭ ወረቀት ሆነ። አንድም ጽሑፍ አይታይም።

«ማን ንኪው አለሽ?» አልኳት፣ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ቀን ከታች ወደ ላይ ለማውጣት ያንተን ኮድ መነካካት ካለብኝ ጥፋቱ የማን ነው?» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቅንፏን በአምስት ደቂቃ መለስኳት። ጓደኛችንን መመለስ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም።

አማካሪያችን ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ሌሎች እንዴት እንደፈቱት አይተሃል?» ብቻ አሉኝ። ሄጄ ስለ ወርድፕሬስ አነበብኩ። እሱም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ ቲም አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ቲም የራሱን ፎልደር ያገኘው በ2005 በወጣው ስሪት 1.5 ነው። በጣም የገረመኝ ፋይል ሲጎድል የሚያደርገው ነገር ነው። አንድ ጽሑፍ ለብቻው ሲከፈት «ሲንግል» የሚባለውን ፋይል ይፈልጋል፤ እሱ ከሌለ «ኢንዴክስ» በሚባለው ያሳያል። በኋላ ደግሞ የልጅ ቲም መጣ፤ ልጁ ያለውን ከራሱ፣ የጎደለውን ከወላጁ ይወስዳል።

እኛም ሁለት ሕግ አወጣን። አንደኛ፣ ቴምፕሌት ዳታቤዝ አይጠይቅም። ፕሮግራሙ ርዕሱን፣ ቀኑንና የጸሐፊውን ስም አዘጋጅቶ ይሰጠዋል፤ ቴምፕሌቱ የት እንደሚቀመጡ ብቻ ይናገራል። ጓደኛችን የምትጽፈው በሁለት ቅንፎች መካከል «ርዕስ» ወይም «ቀን» የሚል ቃል ብቻ ሆነ። ሁለተኛ፣ ቴምፕሌት ሲጎድል ወይም ሲበላሽ ጽሑፉን ይዞ አይጠፋም፤ መነሻው ቲም ይተካዋል።

ይህን ይዤ ሄድኩና ሻይ ጋብዤ ይቅርታ ልጠይቃት አልኩ። «ሻዩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ልሞክረው» አለችኝ። ከዚያ ጳጉሜን 3 ቀን የተጻፈ የሙከራ ጽሑፍ አስገባች። የወሩ ስም ባዶ ሆኖ ወጣ! ለካ እኔ መነሻው ቴምፕሌት ውስጥ የ12 ወር ስም ደርድሬ ጳጉሜንን ረስቻታለሁ። ያውም 13 ወር ባለበት አገር! ስህተቱ በእያንዳንዱ ክበብ ቲም ሊገለበጥ ነበር። የዘመን አቆጣጠሩን ወደ ፕሮግራሙ መለስነው፤ አንድ ቦታ ሲታረም ሁሉም ጋ ታረመ። ሻዩንም ያን ቀን ጠጣን፤ ይቅርታዬንም ተቀበለችኝ።

በዲፌንሱ ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ «እስቲ ከቲሙ አንድ ፋይል አጥፉ» አሉን። ልቤ ድው አለ። ጓደኛችን ግን ምንም ሳትፈራ አጠፋችው። የገጹ መልክ ተቀየረ፤ ጽሑፉ ግን እዚያው ነበር።

እኔ ድሮ ተለዋዋጭ ሲስተም ማለት ብዙ ምርጫ ያለው ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሌላው ሰው ሳይፈራ ሊነካው የሚችል ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። እናንተ ፕሮጀክት የምትጀምሩ ታናናሾቻችን ሆይ፣ «ይሠራል ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «ሌላ ሰው ሲነካው ምን ይሆናል?» በሉ። ጓደኛችሁ ላይ ከመጮኻችሁ በፊት ደግሞ ኮዳችሁን አንድ ጊዜ እዩት። መልካም የፕሮጀክት ጊዜ!