ስለ አውስትራልያ ሰዎች አነጋገርና ስለ እንግዳ ጆሮ

ከአገራችን ልጆች ብዙዎቹ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ተምረው፤ ሰዋስዉን አጥንተው፤ ደብዳቤ ለመጻፍም ሆነ መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃ ዕውቀት ይዘው ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳሉ። ከእነዚህም ውስጥ ዕድላቸው ወደ አውስትራልያ የመራቸው፤ ገና ከሜልበርን የአይሮፕላን ጣቢያ ሳይርቁ ሁሉንም የሚያስደንቅ ነገር ያገኛቸዋል። የሚሰሙት ቃል እንግሊዝኛ መሆኑን ያውቃሉ፤ ነገር ግን የተማሩት እንግሊዝኛ አይደለም። እኛም በዚያች ከተማ ስንዘዋወር ይህን በብዙ ስፍራ ስለ ተመለከትን፤ ልጆቻቸውን ወደዚያ ለሚልኩ ወላጆችና ራሳቸውም ለሚሄዱ ሰዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ያየነውንና የሰማነውን ጥቂት እንጽፋለን። ዓመቱን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ልማድ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ሰላምታው ነው። መጽሐፉ ሰው ሲገናኝ «ጉድ ሞርኒንግ» ይበል ይላል፤ በሜልበርን ግን ሻንጣ የሚያነሣው ሠራተኛም የባንክ ሹሙም «ግዳይ» ይላሉ። ይህ «ጉድ ዴይ» የሚለው ቃል ተጨምቆ የወጣ ነው፤ ዳሩ ግን ግዳይ በእኛ ዘንድ በአደን የሚጣል እንጂ ለእንግዳ የሚሰጥ ሰላምታ ስላይደለ፤ ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ የሚያስደነግጥ ነው። ምክንያቱ እንግሊዞች «ኤይ» የሚሉትን ድምፅ አውስትራልያውያን ወደ «አይ» ስለሚያዘነብሉት ነው። እንዲሁም ዛሬ ለማለት «ቱዴይ» የሚለው ቃል በአፋቸው «ቱ ዳይ» ይሆናል፤ ይህም በመጽሐፉ እንግሊዝኛ «ለመሞት» ማለት ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ዛሬ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ ሲሉት፤ ልትሞት ትሄዳለህ ያሉት መስሎት ስለ ደነገጠው እንግዳ ራሳቸው እየቀለዱ ያወራሉ።

በዚህ አነጋገር ግራ የሚጋባው የእኛ ሰው ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ ታሪክ አለ። በ1964 ሞኒካ ዲክንስ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ፤ የስመ ጥሩው የቻርልስ ዲክንስ የልጅ ልጅ ልጅ፤ በሲድኒ ከተማ መጽሐፏን ለገዢዎች ስትፈርም ሳለች አንዲት ሴት ቀርባ «ኤማ ቺዚት» አለቻት። ደራሲዋም የሴትዮዋ ስም መስሏት «ለኤማ ቺዚት» ብላ ጻፈች። ሴትዮዋ ግን «ሀው ማች ኢዝ ኢት»፤ ማለት ዋጋው ስንት ነው፤ ብላ መጠየቋ ነበር። ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ ተሳቀበት። በሚከተለውም ዓመት አላስተር ሞሪሰን የተባለ ሰው በብዕር ስም አንድ የቀልድ መጽሐፍ አውጥቶ የአገሩን ሰዎች አነጋገር «ስትራይን» እያለ አሳየ፤ ይህም «አውስትራልያን» የሚለው ቃል ግማሹ ሲዋጥ የሚቀረው ነው። እንግሊዝ ተወልዳ በእንግሊዝኛ ድርሰት እንጀራዋን የምትበላ ሴት እንዲህ ከሆነች፤ የእኛ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ቢደናገር ሊያፍር አይገባውም።

ቃል ማሳጠር ዋና ልማዳቸው ነው። ከሰዓት በኋላ «አፍተርኑን» መሆኑ ቀርቶ «አርቮ» ይባላል፤ ቁርስ «ብሬኪ»፤ ቤንዚን መቅጃው «ሰርቮ»፤ ፖስታ አዳዩ «ፖስቲ» ነው። በሽተኛ የሚያነሣው የአምቡላንስ ሠራተኛ ደግሞ «አምቦ» ይባላል። «አምቦ ጥሩ» የሚል ጩኸት ሲሰማ አሳቡ ወደ ጠበሉና ወደ ጠርሙሱ ውሃ የማይሄድ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብለን አናምንም፤ ነገር ግን ሰው ወድቆ ሳለ ይህን ቃል ማወቅ ነፍስ ማዳን ነው። በእኛም አገር ቢሆን ጌታቸውን ጌች፤ አበበን አቤ ብሎ ማቆላመጥ አለ። ልዩነቱ እኛ የምናሳጥረው የወዳጅን ስም ሲሆን፤ እነርሱ ግን ትናንት የተዋወቁትን ሰው ስም ዛሬ ይቆርጡታል፤ የሚቆርጡትም በንቀት ሳይሆን እንደ ወዳጅ ቆጥረውት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚከብደው «ማይት» የሚለው ቃል ነው። ትርጓሜው ባልንጀራ ማለት ነው። «አንቱ»ንና «እርስዎ»ን ከእናት ጡት ጋራ ለተማረ ሰው፤ የማያውቀው ወጣት ባልንጀራዬ ብሎ ሲጠራው መልኩ ይለወጣል። በአገሩ ግን ይህ ክብር መንፈግ አይደለም። ብቻውን በታክሲ የሚሄድ ሰው ከኋላ እንደ ጌታ ከመቀመጥ ይልቅ ከነጂው ጎን መቀመጡ የቆየ ልማድ ነበር፤ ዛሬ እየላላ ቢሄድም ፈጽሞ አልጠፋም። በ2005 በካንቤራ የሕግ መወሰኛው ሕንፃ ዘበኞች የሚገባውን ሰው «ማይት» ብለው እንዳይጠሩ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ይከበሩ የተባሉት የምክር ቤት አባሎች ራሳቸው ተነሥተው ስለ ተቃወሙ ትእዛዙ ወዲያው ተሻረ። ታሪካቸውን የሚያውቁ ሰዎች የዚህን ጠባይ ሥር ሲፈልጉ፤ በ1788 በ11 መርከቦች ተጭነው ከደረሱት እስረኞችና ከዚያም በኋላ በምድረ በዳ ያለ አሽከርና ያለ ጌታ ከሠሩት ሠራተኞች ይጀምራሉ። ከእነዚያ እስረኞች ወገን የሆነው ጄምስ ሃርዲ ቮክስ በ1812 የሌቦችን ቃል ሰብስቦ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀቱም የታወቀ ነው። ከአገሬው ተወላጆችም ብዙ ቃል ተወስዷል፤ ከባድ ሥራን «ያካ» ማለታቸው ዛሬ ብሪዝበን በተሠራችበት ምድር ከነበሩት ሰዎች ቋንቋ የተገኘ ነው። የሆነ ሆኖ «ማይት» በቁጣ ጊዜ ረዝሞና ከብዶ ሲወጣ የጠብ መጀመሪያ መሆኑን እንግዳው ልብ ይበል።

በቤተ ሰብ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ጎረቤት ወይም የልጆች ትምህርት ቤት ለግብዣ ሲጠራ «ሳህን ይዛችሁ ኑ» ይላል። እንግዳው ሰው፤ ምናልባት የግብዣው ቤት ዕቃ አንሶት ይሆናል ብሎ አዝኖ፤ አጥቦና ወልውሎ ባዶ ሳህን ይዞ ይሄዳል። ይህ ከየአገሩ በመጡ ስደተኞች ሁሉ ላይ ሲደርስ የኖረ ነገር ስለ ሆነ በአውስትራልያ የማያውቀው የለም። አነጋገሩ ግን ለሁሉ የሚካፈል ምግብ በሳህን አድርጋችሁ አምጡ ማለት ነው። ባዶ ሳህን የያዘችውን እመቤት ማንም አይወቅሳትም፤ ሳቅ ብለው ያሳልፉታል። እርስዋ ግን ሌሎቹ ሴቶች ያመጡትን ዳቦና ጥብስ በጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ስታይ የሚሰማትን የእኛ ሴቶች ያውቁታል። የሚያሳዝነው ደግሞ ልማዱ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው፤ ለቅሶ ቤት እዝን ይዞ የሚሄድ ሕዝብ ምግብ ተሸክሞ መሄድን ከማንም አይማርም። የጎደለው ቃሉን ማወቅ ብቻ ነው።

እንዲሁም «ለሻይ ኑ» የሚል ጥሪ በብዙ ቤት ራት ማለት ነውና ራት በልቶ መሄድ አይገባም። በመጠጥ ቤት «ሻውት» ሲባል መጮኽ አይደለም፤ ተራዬ ነው፤ ለሁላችሁም እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው። አራት ሰዎች ቢቀመጡ አራቱም በየተራቸው ይከፍላሉ፤ በሦስት ሰዎች ገንዘብ ጠጥቶ ተራው ሳይደርስ የተነሣ ሰው ስሙ ይጠፋል። እኛ በአንድ ሒሳብ «እኔ ልክፈል፤ አይሆንም እኔ» እያልን የምንታገለውን፤ እነርሱ እንደ ዕቁብ በተራ ሠርተውታል። በትግሉ ደስታ እንዳለበት ባንክድም የእነርሱ ሥርዓት ለኪስ ይሻላል።

እምቢታቸውም ለብቻው ጥናት ይፈልጋል። «የህ ናህ» ይላሉ፤ ሲተረጐም «አዎን አይደለም» ነው። የመጀመሪያውን ቃል ሰምቶ ደስ ብሎት የሄደ ተሳስቷል፤ የሚቆጠረው የኋለኛው ነው፤ አዎን ማለቱ አሳብህን ሰምቻለሁ ለማለት ያህል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የጠና የአገራችን ሰው ግን ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ «እሺ፤ ነገ» የሚለውን መልስ ያውቀዋልና። እንደዚሁም ነገር ሲበላሽ «ሺ ል ቢ ራይት» ብለው፤ ነገሩን በሴት ጾታ ጠርተው፤ ትስተካከላለች ይላሉ። ነገርን «ነገሪቱ» እያልን የምንጠራ እኛ ከእንግሊዞች ይልቅ ለዚህ አነጋገር ሳንቀርብ አንቀርም።

ከከተማው እንብርት ወደ ምዕራብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከማሪበርኖንግ ወንዝ ማዶ፤ ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ የእንጀራ ቤቶችና የቡና ሽታ፤ አማርኛ የተጻፈባቸው ሱቆችም ይገኛሉ። በዚህ ሰፈር የተገናኘናቸው ያገር ልጆች የሚያወሩት የቀልዱን ሳይሆን የሥራውን ቃል ነው። አለቃው «ስሞኮ» ሲል ለዕረፍት ተቀመጡ ማለቱ ነው፤ «ኖክ ኦፍ» ሲል ሥራ አቁማችሁ ወደ ቤት ሂዱ ማለቱ እንጂ የሚመታ ወይም የሚፈርስ ነገር የለም። አረጋውያንን በመርዳት ሥራ የተሠማሩ ሴቶቻችን ደግሞ ከሁሉ የሚፈሩት «ክሩክ» የሚለውን ቃል ነው። በመጽሐፉ አጭበርባሪ ወይም ሌባ ማለት ነው፤ በአውስትራልያ ሽማግሌ አፍ ግን አሞኛል ማለት ነው። ያም ሽማግሌ በአስተዳደጉ ሕመሙን አሳንሶ መናገር የለመደ ስለ ሆነ፤ ደረቱ ተይዞ ሳለ «ትንሽ ክሩክ ነኝ» ብሎ ዝም ይላል። ቃሉን የማታውቅ ረዳት ስለ ሌባ የሚያወራ መስሏት ብታልፈው የሚሆነውን ማሰብ አያዳግትም። «ትንሽ» ማለቱንም እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዛል።

መንግሥቱ ለመጤዎች እንግሊዝኛ የሚያስተምርበት ሥርዓት በ1948 የተጀመረ ነው። ለብዙ ዓመታት ለአንድ ሰው የተፈቀደው 510 ሰዓት ነበር፤ በ2021 ግን ይህ ወሰን ተነሥቷል። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ የጐዳናውን ቃል የሚያስተምረው ጐዳናው ነው። በእኛ አስተያየት እንግዳ ሰው ይህን አነጋገር አስቀድሞ በጆሮው ይማረው፤ ባንደበቱ ለማውጣት አይቸኩል። በመጀመሪያው ወር «ግዳይ ማይት» እያለ የሚጮኽ ሰው የሰውን ካባ እንደ ለበሰ ይመስላል፤ በጆሮው ጠንቅቆ የሚሰማ ግን የትም ቦታ አይታለልም።

ልጆች በዚህ ረገድ ወላጆቻቸውን በጥቂት ወር ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ በየሐኪም ቤቱ የ10 ዓመት ልጅ በአባቱና በሐኪሙ መካከል ቆሞ ሲያስተረጉም ይታያል። አባት ሕመሙን በልጁ ፊት ሊናገር ያፍራል፤ ልጁም የከበደውን ቃል ይዘለዋል፤ ሐኪሙም ግማሹን ብቻ ሰምቶ መድኃኒት ያዛል። ይህን የመሰለውን ሸክም ልጅ ላይ መጫን ደግ አይደለም፤ አስፈላጊም አይደለም። በአውስትራልያ ከ1973 ጀምሮ በስልክ የሚያስተረጉም የመንግሥት አገልግሎት አለና፤ ሐኪሙ ወይም ታማሚው ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ 131 450 ነው።