“ወደዚያ ሂዱ” የሚል መሥሪያ ቤት

ቡሬራ በሩዋንዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኡጋንዳ ድንበር ላይ ያለ ወረዳ ነው። ከ300 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2000ዎቹ አጋማሽ ግን አንድም ሐኪም አልነበረበትም። የጤና ሚኒስቴሩ “ልናግዝ መጣን” ያሉትን ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ የተባለ የውጭ ድርጅት ሰዎች ከከተማ አርቆ፣ መጀመሪያ ወደ ምሥራቁ ገጠር፣ ቀጥሎም ወደ ቡሬራ መራቸው። እዚያም ቀድሞ የጦር ካምፕ በነበረ ኮረብታ ላይ የቡታሮ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ። ግድግዳው ከዚያው ከአካባቢው በወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ገበሬው ከማሳው እየለቀመ ዳር የሚጥለውን ድንጋይ ግንበኞች አንድ በአንድ ጠርበው ገጣጠሙት። አልጋዎቹ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል፤ የተኛው ሰው ቀና ሲል የሚያየው ኮረብታውን ነው።

እኔን የሚገርመኝ ከሕንፃው በፊት የተነገረው ቃል ነው። ለጋሽ ሲመጣ ደስ ብሎት የሚቀበል መሥሪያ ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ “እሺ፣ የምትሠሩት ግን እዚያ ነው” የሚል ግን ጥቂት ነው። ገንዘቡ የሌላ ሊሆን ይችላል። በሽተኛው የት እንደተኛ ማወቅ ያለበት ግን ሚኒስቴሩ ነው።

*

ስለ ሩዋንዳ የጤና ሥራ “ትንሽ አገር ስለሆነች ቀላት” ይባላል። እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ40 በላይ ሩዋንዳዎች ይገባሉ። ግን ትንሽነት በራሱ ማንንም አላዳነም። እ.ኤ.አ. በ1994 በተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ ከኪጋሊ እስከ እያንዳንዱ ኮረብታ፣ እስከ እያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው የአስተዳደር መዋቅር ሰው ለማስገደል ዋለ። ሐኪሙና ነርሱ ተገደለ፣ የተረፈውም ተሰደደ። በሽታን የሚከታተለው የዛሬው መዋቅርም በዚያው ቅርበት ላይ የቆመ ነው። በር የሚያንኳኳ የመንግሥት ሰው ሲመጣ ሕዝቡ መሸሽ ትቶ በሩን እንዲከፍት ማድረግ ስንት ዓመት ይፈጃል? ስለ አገሪቱ የሚጻፈው ሪፖርት ሁሉ ክትባትና አልጋ ይቆጥራል፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የከበደው ይህ ይመስለኛል።

*

በየመንደሩ ሕዝቡ ራሱ የመረጣቸው የጤና ሠራተኞች አሉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተጣምረው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከወባ፣ ከሳንባ ምችና ከተቅማጥ ሲያክሙ ኖረዋል፤ ሌላ ሴት ደግሞ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ስትከታተል ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 196ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2019/20 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 45 ወርዷል።

ከእኛዎቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ለውጤታቸው የሚከፈለውን ይካፈላሉ እንጂ ወር ጠብቀው የሚቀበሉት ነገር የለም። ይህን በጎ ፈቃድ ብሎ ማለፍ ያስቸግረኛል። ሌሊት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፎ ሲመጣባት የምትነሣው ሴት ጠዋት ማሳዋ ይጠብቃታል።

*

ልጅ ሆኜ እናቴ የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማውጣት ስትመላለስ አብሬያት እሄድ ነበር። ድሃ መሆኗን ሦስት ሰው መመስከር ነበረበት። ጎረቤቶቿ ፊት ለፊቷ ቆመው “አዎ፣ የላትም” ሲሉ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርግ ነበር። ያን ጊዜ ሕመሟ ጀምሯት ነበር።

በሩዋንዳ የማኅበረሰብ ጤና መድን አብዛኛው ሰው በዓመት በነፍስ ወከፍ 3,000 ፍራንክ ሲከፍል ኖሯል፤ የመጨረሻ ድሃ ለተባለው መንግሥት ይከፍልለታል። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚጠየቀው 200 ፍራንክ ነበር። ማን ድሃ እንደሆነ የሚለየው እዚያም የመንደሩ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር፤ ስለዚህ ነጠላ የሚያስከናንበው ነገር እዚያም አልጠፋም። ግን የሚመደበው የሁሉም ሰው ቤት ነበር፣ ያውም ማንም ሳይታመም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሚኒስቴሩ መድኑን ለማኅበራዊ ዋስትና ቦርዱ አስረከበ። ሐኪሙን የሚያሠራው፣ ሒሳቡንም የሚከፍለው አንድ እጅ እንዳይሆን መለየቱ ትክክል ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ2011 ሩዋንዳ ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትን አገር አቀፍ ስታደርግ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከዚህ የሚቀድም አለ ያሉ የውጭ ባለሙያዎች ነበሩ። ሚኒስቴሩ ልጆቹን ትምህርት ቤት ከተባቸው፤ ከትምህርት የቀረችውን ደግሞ የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ቤቷ ድረስ ሄዳ ፈለገቻት። ከዘጠና በመቶ በላይ ተከተቡ። ይህን ያደረገው የድሃ አገር ሴት ልጅ በሃምሳ ዓመቷም መኖር አለባት ብሎ የወሰነ መሥሪያ ቤት ነው።

*

ሁሉም አልተሳካም። በዚያው የ2019/20 ጥናት ከሦስት ሕፃናት አንዱ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት አላገኘም። ክትባት የተከተበ፣ መድን ያለው፣ ወባ ሲይዘው ታክሞ የዳነ ልጅ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ማዕዱ ድንችና ባቄላ የሆነበት ቤት ውስጥ ሚኒስቴሩ ብቻውን የሚያደርገው ትንሽ ነው።

*

ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ሩዋንዳ ማርበርግ የተባለው ገዳይ ቫይረስ መግባቱን ለዓለም አሳወቀች። መደበቅ ትችል ነበር፤ ቱሪስቱም ስብሰባውም የሚቀርባት አገር ናት። በአሥር ቀን ውስጥ የሙከራ ክትባት ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት ጀመረ። 66 ሰው ታሞ 15 ሞተ። በሌሎች ወረርሽኞች በአማካይ ከታመመው ግማሽ ያህሉ የሚሞትበት በሽታ ነው። የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶላቸው የነበሩ ሁለት ሕሙማን ቱቦው ወጥቶላቸው ዳኑ፤ ያኔ ኪጋሊ የነበሩት የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ይህ በአፍሪካ በማርበርግ ሕሙማን ላይ ሲሆን የመጀመሪያው መሆኑን ተናገሩ።

ከታመሙት መካከል ከየአምስቱ ሰው አራቱ ያህል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በሽታው ምን እንደሆነ ከመታወቁ በፊት የነኩት፣ ያጠቡት፣ መርፌ የወጉት እነሱ ናቸው።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ማርበርግ ጂንካ መገኘቱ ሲነገር እነዚህ ሰዎች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ስለ ቫይረሱ ከማንበቤ በፊት ስልኬን አንሥቼ ደቡብ ውስጥ ነርስ ለሆነች ዘመዴ ደወልኩ። የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፦ “ጓንት አላችሁ?”