በስመ አብ ብዬ የጻፍሁት ማመልከቻ

ሰው ሲያረጅ የሚናዘዘው ለነፍስ አባቱ ነው እንጂ ለመጽሔት አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ይህን ነገር አስቀድሜ ለነፍስ አባቴ ነግሬአለሁ። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድሁ። ነገሩ ግን አልወጣልኝም። በደሉ የእኔ ብቻ ሳይሆን የአገርም ስለሆነ ይመስለኛል፤ የአገር በደል ደግሞ በአንድ ሽማግሌ ጉልበት ተሰግዶ አያልቅም።

ያደግሁት አዲ አርቃይ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ዛሪማን አልፎ የሚያገኛት፣ ከኋላዋ የሰሜን ተራሮች እንደ ግድግዳ የቆሙባት፣ ከፊቷ አገሩ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቅባት ከተማ ናት። በገበያ ቀን አማርኛውም ትግርኛውም ይሰማባታል። እህል የማይቀምሱ፣ ቋርፍ በልተው የሚያድሩ የዋልድባ መናኞችም ያልፉባታል። አያቴ እነርሱን ባዩ ቁጥር ነጠላቸውን አደግድገው ከመንገድ ይወርዱላቸው ነበር።

አያቴ ቄስ ነበሩ። የይስሙላ ቄስ አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ከአጽዋማት አንዱን አላጓደሉም፤ ለማኝ ከደጃቸው ባዶውን አልተመለሰም፤ በክፉ ዘመን ጎተራቸውን ከፍተው ለጎረቤት ሰፍረዋል። ፊደል የቆጠርሁት ከእርሳቸው ነው፤ ሌሊት ዳዊት ሲደግሙ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከርስታቸው መካከል አንዲቱን ማሳ፣ ከወንዙ አፋፍ ያለችውን፣ አንድ ቀጥቃጭ እያረሰ ያካፍላቸው ነበር።

ቀጥቃጩ ከቤተ እስራኤል ወገን ነው። ያኔ በዚህ ስም የሚጠራቸው አልነበረም፤ በፊታቸው "ፈላሻ" ወይም "ካይላ"፣ ከኋላቸው ደግሞ "ቡዳ" እንላቸው ነበር። አገሩ የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ የሚቆፍርበት ድጅኖ ከዚህ ሰው እጅ የወጣ ነው። እንጀራችን የሚጋገርበት ምጣድና ውሃ የምንቀዳበት እንስራ የሚስቱ ሥራ ነው። ቤታችን ሲመጣ ግን ከደጅ ይቆማል። ውሃ ሲጠማው በመዳፉ ይፈስለታል እንጂ ዋንጫ አይሰጠውም። እውነቱን ለመናገር እነርሱም ከእኛ ጋር የተነካኩ እንደሆነ ወንዝ ወርደው ይታጠቡ ነበር። መናናቁ የሁለት ወገን ነበር ለማለት ይቻላል፤ መሬቱ ግን የአንድ ወገን ነበር። የእነርሱ ሽማግሌ ኦሪትን በግዕዝ ያነብባል፤ አያቴ የሚያነቡትን ያንኑ ኦሪት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። ኋላ የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር ያችን ማሳ ለቀጥቃጩ ሰጠው። አባቱም አያቱም ያላገኙትን አገኘ። አገር ተንጫጫ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ለመንግሥት ሹሞች ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ። ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ ተፈለገ። ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ተጠራሁ።

"ጻፍ ልጄ፤ በስመ አብ ብለህ ጀምር" አሉኝ አያቴ።

ጀመርሁ። ከበስመ አብ በታች፣ የክርስቲያን ርስት ጌታን ለሰቀሉ ሰዎች ዘር መሰጠቱ እግዚአብሔርን የሚያሳዝን፣ ሕዝቡንም የሚያስቆጣ መሆኑን፣ ስለዚህም መሬቱ ለባለርስቱ እንዲመለስ የምንለምን መሆናችንን ባማረ እጄ ጻፍሁ። ፊደል የሚያውቅ ፈረመ፤ የማያውቅ አሻራውን አኖረ።

እንቢ ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እርሳቸውም ቄስ ነበሩ። ደርግን ከሁሉም አብልጠው የሚጠሉ፣ ሬዲዮ እንኳ ከቤታቸው የማያስገቡ፣ ከአያቴ ይልቅ የጸኑ ወግ አጥባቂ። ወረቀቱን አስነበቡኝና እንዲህ አሉ፦ "በስመ አብ ያልኸውን ፍቀህ ብታመጣልኝ አስብበት ነበር፤ ያን ጊዜ የሰውና የሰው የመሬት ክርክር ይሆናል። ከስሙ በታች ግን የደሀ መሬት መንጠቅ አይሆንልኝም። ደግሞስ እመቤታችን ከማን ወገን ናት?"

መልስ የሰጣቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ክርስትና የሚያስነሣቸው፣ ለተዝካር የሚጠራቸው እየቀረ ሄደ። ብቻቸውን አረጁ።

ማመልከቻውም መልስ አላገኘም። በ1969 ዓ.ም. ግን፣ ሑመራና መተማ በኢዲዩ እጅ ገብተው በየአቅጣጫው ጠመንጃ በተነሣበት ወራት፣ በአንድ ሌሊት የቀጥቃጩ ጎጆ ተቃጠለ፤ በሬዎቹም ተነዱ። የመጡት የማንም ሠራዊት አልነበሩም፤ የእኛው ሰዎች ነበሩ። አጎቴ አብሮ እንደነበር ከእናቴ ሹክሹክታ ሰምቻለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማረሻ አሠርተህ ና ተብዬ ተላክሁ። ቀጥቃጩ ከዘመዶቹ ተጠግቶ ወናፉን እንደገና ተክሎ ነበር። ብረቱን ከእሳት አውጥቶ እየቀጠቀጠ፣ ቀና ሳይል፣ "የቄሱ ልጅ፣ ጽሕፈትህ ያምራል አሉኝ" አለ። ሌላ አልተናገረም። በዋጋውም ላይ አልጨመረብኝም።

*

ይህ የአንድ መንደር ጥፋት ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ ነበር። ኋላ ታሪክ ሳነብና ሳስተምር ግን ያች ወረቀት ከእኔ በፊትም ብዙ ጊዜ እንደተጻፈች አየሁ።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ እንዲፈልስ ደነገጉ የሚል ትውፊት አለ፤ ፈላሻ የሚለው ስምም ከዚያ መጣ ይባላል። ነገሩን ልብ በሉ፤ ጥምቀት የርስት ደብተር ሆነ ማለት ነው። በ1660 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጎንደር ላይ ጉባኤ አስደርገው ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ አዘዙ። እኚህን ንጉሥ ታሪካችን "ጻድቁ ዮሐንስ" ይላቸዋል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራብዓይ ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎን ሙስሊሞች ተጠመቁ አሉ። ባላባቱ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ራስም ሆኑ። እንቢ ካሉት ብዙዎቹ ተሰደዱ። አሁንም ጥምቀቱና ሹመቱ፣ ጥምቀቱና መሬቱ አንድ ገመድ ላይ ታስረዋል። እስቲ ጌታ በዮርዳኖስ ተጠምቆ ሲወጣ የተቀበለውን ርስት የሚነግረኝ ማን ነው? የሄደው ወደ ምድረ በዳ ነው።

አያቴ በሕይወት ኖረው ቢከራከሩኝ መልስ ነበራቸው። ርስት የአባት አጥንት ነው ይሉኛል። ደብሩ የሚቆመው በሰሞን መሬቱ ነው፤ መሬቱ ሲሄድ ቀዳሹ ይበተናል፣ የቆሎ ተማሪው ይራባል፣ ብራና የሚፍቅ፣ መጽሐፍ የሚገለብጥ አይገኝም ይሉኛል። ውሸታቸውን አይደለም። መሬት ላራሹ ያለው መንግሥት ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ፣ አስሮ፣ በ1971 ዓ.ም. ገድሏቸዋል። ስለዚህ ወግ አጥባቂው ሁሉ ክፉ፣ ተራማጁ ሁሉ ደግ የሚል ተረት ከእኔ አትጠብቁ። እንቢ ያሉት ቄስ ከሁላችንም በላይ ወግ አጥባቂ እንደነበሩ ነግሬአችኋለሁ።

ልዩነቱ ሌላ ነው። አያቴ ወንጌልን ለርስታቸው ምስክር አድርገው ጠሩት። እኚያ ቄስ ግን ርስቱን ወስደው በወንጌል ፊት ለፍርድ አቆሙት። አያቴ የሚያነቡት ኦሪት እኮ መሬት የእግዚአብሔር ናት፣ ሰው በላይዋ እንግዳ ነው፣ የተሸጠ መሬት በሃምሳኛው ዓመት ለባለቤቱ ይመለስ ይላል። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የወደደው ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ እንግዳውን ወደ ቤት ማስገባት እንደሆነ ተናግሯል። አያቴ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁት ነበር። ይህን ሲያነቡ ግን ትዝ የሚላቸው ደጃቸው የሚመጣው ለማኝ ነው። ለማኝ ርስት አይጠይቅምና ለእርሱ መስጠት አይከብድም። ያስቸገራቸው፣ ትናንት በመዳፉ ውሃ ይለምን የነበረ ሰው ዛሬ ባለማሳ ሆኖ መምጣቱ ነው።

ይህ ደዌ የእኛ ብቻም አይደለም። የእህቴ ልጅ በሱዳን በኩል ተሰዶ ዛሬ ቨርጂንያ ይኖራል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. የአሜሪካው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄፍ ሴሽንስ፣ ድንበር ላይ የስደተኛ ልጆችን ከወላጆቻቸው ይለያይ ለነበረው አሠራር መከላከያ አድርገው፣ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ከጻፈው መልእክት 13ኛውን ምዕራፍ ጠቀሱ፤ ለባለሥልጣን መገዛትን የሚያዘውን። ከዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ሕግ የሚፈጸመው ባልንጀራን በመውደድ እንደሆነ ተጽፏል። እዚያ ድረስ አልወረዱም። የእህቴ ልጅ በስልክ ሲያጫውተኝ፣ "ጋሼ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን እኮ ሰውዬውን የደገፈ ብዙ ነው" አለኝ።

"ሁላችሁም ስደተኞች አይደላችሁም እንዴ?" አልሁት።

"ነን" አለና ሳቀ። "ግን እኛ ገብተናል።"

*

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ደረሰ። ከወዲያም ከወዲህም የሚዋጋው ወጣት አንገቱ ላይ መስቀል አለ፤ ከወዲያም ከወዲህም የሚባርከው ካህን አላጣም። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። አንድ ጋቢ ይዤ፣ ልጅ ሆኜ በመኪና የወረድሁትን ሊማሊሞን በእግሬ ወጣሁት። ጎንደር ስደርስ የዘመድ ቤት ሁሉ በተፈናቃይ ሞልቷል። ዝናብ እየመታኝ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠልዬ ሳለሁ ባለሱቁ አየኝና ቤቱ ወሰደኝ። ቤቱ አዲስ ዓለም ነው፤ ቀድሞ "እስላም ቤት" ይባል የነበረው፣ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ያዘዘው የጻድቁ ዮሐንስ ዘመን የተወልን ሰፈር።

ጾመ ፍልሰታ ገባ። የባለሱቁ ሚስት ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ገዝታ የጾም ሽሮ ትሠራልኝ ጀመር። የመጀመሪያውን ቀን ውሃ በብርጭቆ ስታቀርብልኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ብርድ መታዎት አለችኝ። አዎን አልኋት።

በዓመቱ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በአንድ ሼህ ቀብር ላይ ጎንደር ውስጥ ጠብ ተነሣ። የተነሣው ከቤተ ክርስቲያን በሚዋሰን የመቃብር ቦታ ነው፤ እንደገና መሬት። ከ20 በላይ ሙስሊሞች መገደላቸውን የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታወቀ። በቀናት ውስጥ ደግሞ በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። እኔ ያን ጊዜ ሌላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። የአከራዬ ልጅ ዱላ ይዞ ሲወጣ "ወዴት ነው?" አልሁት። "ለሃይማኖታችን ነዋ፣ መምህር!" አለኝ። አላስቆምሁትም። ለማስቆም ጉልበት አልነበረኝም ልላችሁ እችላለሁ፤ አፍ ግን ነበረኝ።

ነገሩ ሲበርድ አዲስ ዓለም ሄድሁ። የባለሱቁ በር ተሰብሯል፤ ዕቃው የለም። ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ የምለው ጠፋኝ። ሰውየው ወጥቶ አየኝ።

"ይግቡ እንጂ መምህር" አለኝ። "ምነው ደጅ ይቆማሉ?"

*

ቀጥቃጩን ረስቼው አይደለም። በ1976 ዓ.ም. ከነቤተሰቡ በሌሊት ወደ ሱዳን ወጣ። ያኔ ከጸለምትና ከወልቃይት ብዙ ወገኖቹ እንዲሁ ወጥተዋል። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ያለቁት ቤተ እስራኤሎች ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እርሱ ይድረስ አይድረስ የሰማሁት የለም። እርሱ በወጣ በዓመቱ ማሳዋን የአጎቴ ልጆች ያዟት። ዛሬም የእነርሱ ናት። ከጦርነቱ ዘመን በቀር በየዓመቱ ከእርሷ አንድ ኩንታል ማሽላ ይላክልኛል። መምህር ሆኜ፣ ስለ ፍትሕ ለልጆች እያስተማርሁ፣ ያን ማሽላ በልቻለሁ።

አምና ለአጎቴ ልጅ ስልክ ደወልሁና ከእንግዲህ እንዳትልኩልኝ አልሁት። ምክንያቱን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ማመልከቻውንም፣ የተቃጠለውን ጎጆም፣ አባቱንም ጭምር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት?" አለኝ በመጨረሻ። "እኛ ምን አጠፋን? በየዓመቱ በስመ አብ ብለን ነው የምንዘራት።"

ዘንድሮ ማሽላው አልመጣም። እርሱም ስልኬን አያነሳም።