ላባዋን የምትለውጥበት አገር

«ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች» ይላል የአማርኛ ተረት። ተረቱ እያንዳንዷ ወፍ አንድ አገር ብቻ እንዳላት አድርጎ ይነሣል። ጎጆዋን የቀለሰችበት ዛፍና ድምፅዋን የለመደው መንደር አንድ ስፍራ ስለሆኑ፣ ሌላ ቦታ ብትጮኽ እንግድነቷ ወዲያው ይታወቃል ማለት ነው። ይሁንና በየዓመቱ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ባሉት ሳምንታት፣ ከናይሮቢ በስተ ምሥራቅ በሩዋይ አካባቢ በሚገኙት የዳንዶራ የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች ዳር የምታርፍ አንዲት ትንሽ ወፍ ይህን ተረት ታስቸግረዋለች። እንግሊዞች ሊትል ስቲንት ብለው የሰየሟት ይህች ወፍ በክብደቷ ከድንቢጥ አትበልጥም፤ እግሯና አጭር መንቁሯ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ጀርባዋ ግራጫማ ነው። የተፈለፈለችው ግን ከሰሜን ኖርዌይ እስከ ሳይቤርያ በተዘረጋው ዛፍ አልባ የአርክቲክ ሜዳ ላይ ነው። ታዲያ የምትጮኸው እንደ የትኛው አገሯ ይሆን?

ጥያቄውን ለመመለስ አስቀድሞ የምታርፍበትን ውኃ ማወቅ ያስፈልጋል። ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው ከማሳይ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙም «ቀዝቃዛ ውኃ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የኡጋንዳ ምድር ባቡር ሠራተኞች ሰፈራቸውን በዚያ ሲተክሉ ቦታው ረግረግ ነበር። ከተማይቱ እያደገች ስትሄድ ረግረጉ እየተደፈነና እየደረቀ ለመንገድና ለሕንፃ ቦታውን ለቀቀ። የነዋሪው ቁጥር ሲበዛ ግን ፍሳሹም በዛ፤ ፍሳሹን ለማጣራትም ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ላይ ሰፋፊ ኩሬዎች ተቆፈሩ። የኩሬዎቹ አሠራር ቀላል ነው። ፍሳሹ በመጀመሪያ ጥልቅ ወደሆነው ኩሬ ይገባና ከባዱ ነገር ይዘቅጣል፤ ቀጥሎ እምብዛም ጥልቀት ወደሌላቸው ኩሬዎች ይተላለፍና ፀሐይ፣ አልጌና ባክቴሪያ ተባብረው ያጠሩታል፤ በመጨረሻም ወደ ናይሮቢ ወንዝ ይለቀቃል። በዚህ መካከል በኩሬዎቹ ዳር ባለው ጭቃ ውስጥ የትንኝና የሌሎች ነፍሳት እጭ እልፍ አእላፍ ሆኖ ይራባል። ከተማይቱ ያጠፋችውን ረግረግ ሳታስበው በሌላ ስፍራ መልሳ ሠራችው፤ ወፎቹም ፈልገው አገኙት። የዳንዶራ ኩሬዎች በኬንያ ለወፎች ከፍተኛ ጠቀሜታ አላቸው ተብለው ከተመዘገቡት ቦታዎች አንዱ ለመሆን በቅተዋል።

በውኃው ዳር የሚሰበሰቡት ወፎች ለአላፊ አግዳሚው አንድ መንጋ ይመስላሉ። ጊዜ ወስዶ የሚመለከት ሰው ግን እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ የሥራ ድርሻ እንዳለው ይገነዘባል። ረጃጅም ቀይ እግሮች ያሉት ስቲልት ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ወደ ውኃው ይገባል። መንቁሩ ወደ ታች ጎበጥ ያለው ከርሊው ሳንድፓይፐር ለስላሳውን ጭቃ እየሰረሰረ ያወጣል። ሊትል ስቲንት የጭቃውን ገጽ ሳታርፍ ትለቅማለች። የአገሩ ነዋሪ የሆነው ኪትሊትዝ ፕሎቨር ደግሞ በዓይኑ የሚተማመን አዳኝ ነው፤ ሮጥ ይላል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያያል፣ ከዚያም ይቀልባል። ሳንድፓይፐሮች እንዲህ ያለ ትልቅ ዓይን ባይኖራቸውም፣ በመንቁራቸው ጫፍ ውስጥ ግፊትንና ንዝረትን የሚለዩ ጥቃቅን የስሜት ሕዋሳት ስላሉ ያላዩትን ትል በመንካት ያገኙታል። የመንቁር ርዝመትና የአዳደን ስልት ስለሚለያይ በአንድ ኩሬ ዳር ብዙ ዓይነት ወፍ ያለ ብዙ ጠብ አብሮ ይበላል።

ስለ እነዚህ የውኃ ዳር ወፎች በኬንያ የተደረገው ጥናት ረጅም ታሪክ አለው። ዛሬ ኔቸር ኬንያ በሚል ስም የሚታወቀው የምሥራቅ አፍሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ፒርሰን፣ ግሬም ባክኸርስትና ባልደረቦቻቸው በቀጫጭን መረብ ወፎችን መያዝ፣ መመዘን፣ የክንፋቸውን ላባ አንድ በአንድ መመርመርና በእግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አስረው መልቀቅ ሥራዬ ብለው ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1970 አይቢስ በተባለው የእንግሊዝ የአእዋፍ ጥናት መጽሔት ላይ ኬንያ ስለሚከርሙት ወፎች ክብደት ጽሑፍ አወጡ። ፒርሰን በ1984 በዚያው መጽሔት ያሳተመው ጥናት ደግሞ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ስላሉት የሊትል ስቲንት ወፎች የላባ ለውጥ የሚተርክ ነው።

ርእሱ ለሰሚው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለወፍ ላባ መለወጥ ከዓመቱ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። የበረራ ላባ በፀሐይና በንፋስ ያልቃል፤ ያለቀ ክንፍ ይዞ ወደ አርክቲክ መመለስ አይቻልም። አሮጌው ላባ ሲረግፍና አዲሱ ሲበቅል ክንፉ ክፍተት ስለሚኖረው ለሩቅ መንገድ አይመችም፤ አዲሱን ላባ ማብቀልም ብዙ ምግብ ይጠይቃል። ስለዚህ ወፏ ይህን ሥራ የምትጀምረው ምግብ ባለበትና በምትረጋጋበት ስፍራ ነው። ጥናቱ እንዳሳየው ለሊትል ስቲንት ያ ስፍራ ኬንያ ነው። ትልልቆቹ ወፎች በመጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የክንፍ ላባቸውን ከውስጥ ወደ ውጭ በተራ እየጣሉ ይተካሉ፤ ሥራውም ወራት ይፈጃል። በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ወጣቶች ዘግይተው ይጀምራሉ። ቀለበት የታሰረላቸው ወፎች በቀጣዮቹ ዓመታት እዚያው የሐይቅ ዳር ተመልሰው መያዛቸው ደግሞ፣ መምጫቸው በአጋጣሚ ሳይሆን የሚያውቁትን ቦታ ፈልገው መሆኑን አስረዳ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ላባ መለወጥ የወፍን መልክ ምን ያህል እንደሚቀይር ከመስቀል ወፍ ያውቃል። የመስቀል ወፍ ከሚባሉት መካከል በመስከረም ደምቀው ብቅ የሚሉት ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች አይደሉም፤ ዓመቱን ሙሉ በዚያው የኖሩ፣ ላባቸውን ስለለወጡ ብቻ ዓይን የገቡ ወፎች ናቸው። በሊትል ስቲንት ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በመስከረም የምትመጣው ሩቅ ተጉዛ ሲሆን፣ ማንም ልብ ሳይላት በጭቃው ዳር አዲስ ክንፍ ታበቅላለች።

ሚያዝያ ሲቃረብ ጠባይዋ ይለወጣል። ጀርባዋና ደረቷ ወደ ቀይ ቡናማነት ያደላል፤ ከመቼውም የበለጠ ትበላለች። በሌላው ጊዜ ክብደቷ ከ20 ግራም ጥቂት ከፍ የሚል ሲሆን፣ መነሻዋ ሲደርስ ከ30 ግራም ሊያልፍ ይችላል። ጭማሪው የመንገድ ስንቅ የሚሆን ስብ ነው። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ ተነሥታ ወደ ሰሜን ትበራለች። በአርክቲክ የሚጠብቃት በጋ አጭር ነው። እንቁላል ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹም በተፈለፈሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሮጠው ራሳቸውን ይመግባሉ። ወላጆቹ ጫጩቶቹ ለሩቅ ጉዞ ሳይደርሱ ቀድመዋቸው ወደ ደቡብ ይነሣሉ። ወጣቶቹ ከሳምንታት በኋላ መሪ ሳይኖራቸው፣ አይተውት የማያውቁትን አገር ፈልገው ይከተላሉ። አቅጣጫውንና የመነሻውን ጊዜ ከደማቸው ይዘውት ይወለዳሉ፤ ማረፊያውን ጭቃ ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸው ያገኙታል።

እንግዲህ ሂሳቡ ሲደመር፣ «የሰሜን ወፍ» እየተባለች የምትጠራው ይህች ፍጡር ከዓመቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የምታሳልፈው በአፍሪካ ነው። በተወለደችበት ስፍራ የምትቆየው ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። «እንግዳ» የሚለው ቃል የትኛውን ቆይታዋን እንደሚመለከት መወሰን ያዳግታል።

በናይሮቢ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። «ለጊዜው ነው» ብሎ መጥቶ በኢስሊ ሱቅ የከፈተ፣ ልጆቹ በስዋሂሊ እየተጫወቱ ያደጉለት፣ ሆኖም እስከ ዛሬ ሻንጣውን ከቁም ሣጥን በላይ የሚያኖር ሰው ጥቂት አይደለም። የዕድሜው ትልቁ ክፍል ያለፈበትን ከተማ መጠበቂያ ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሥራ የለመደው፣ ወዳጅ ያፈራው፣ ሐዘኑንም የተቀመጠው ግን በዚያው ከተማ ነው። ምሳሌው ሁሉን አይገጥምም፤ ወፏ የመኖሪያ ፈቃድ አትጠየቅም፣ መመለሻዋም በየዓመቱ የተወሰነ ነው። ቢሆንም ከሚዛንና ከቀለበት የተገኘው እውቀት አንድ ነገር ያስረዳል። አዲስ ክንፍ የሚበቅልበት ስፍራ የጉዞው ማቋረጫ ብቻ ተብሎ አይታለፍም፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ወደ ትውልድ ስፍራ መመለስም ባልተቻለ ነበር።

ከሊትል ስቲንት ጋር የሚነጻጸር ሌላ የውኃ ዳር ወፍ ዘመድ በኢትዮጵያ አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ ደረቱ ነጠብጣብ ያለበት ላፕዊንግ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። በባሌ ተራሮችና በመሰል እርጥብ የደጋ ሜዳዎች ይኖራል፤ ተረቱ ለእርሱ በትክክል ይሠራል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው እርጥብ መሬት መፈለጋቸው ነው። ከዝዋይና ከአቢጃታ እስከ ናይቫሻና ናኩሩ የተሰለፉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ለተጓዦቹ የአንድ መንገድ ማረፊያዎች ናቸው። አቢጃታ ግን ወደ እርሱ የሚፈሰው ውኃ ለመስኖ በመጠለፉና የሶዳ አሽ ምርት በመጨመሩ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ እጅግ ሸሽቷል። አንዱ ማረፊያ ሲደርቅ የሚቀጥለው ይርቃል፤ 30 ግራም የምትመዝን ወፍ ስንቅ ደግሞ ልክ አለው።

አደጋው በአንድ አገር አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በታደሰው የዓለም አቀፍ የአደጋ መዝገብ 16 የተጓዥ የውኃ ዳር ወፍ ዝርያዎች ከቀድሞው ወደ ባሰ ደረጃ ተዛውረዋል፤ ከርሊው ሳንድፓይፐር ከእነርሱ አንዱ ነው። ይኸው ወፍ በዳንዶራም፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻም ይታያል። በእርግጥ ሁለቱን ቦታዎች ውኃውም ያገናኛቸዋል። ከዳንዶራ የሚለቀቀው ፍሳሽ በናይሮቢ ወንዝ ወደ አቲ ይገባል፤ አቲ ወደ ታች ሲወርድ ጋላና፣ ከዚያም ሳባኪ እየተባለ ከማሊንዲ በስተ ሰሜን ባሕር ይደርሳል። የሳባኪ አፍም በጭቃማ ዳርቻው የታወቀ የወፎች መሰብሰቢያ ነው። ናይሮቢ ወንዟን ብትበክል ጉዳቱ ከከተማው ወሰን አልፎ እስከ ባሕሩ ዳር ይወርዳል።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በኬንያ በየዓመቱ በጥር ወር የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል። የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች ማለዳ ተነሥተው፣ ቴሌስኮፕና መዝገብ ይዘው በየሐይቁና በየኩሬው ዳር ይቆማሉ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወፎቹ ይነሣሉ፣ ይቀላቀላሉ፣ ቆጣሪውም እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በመዝገቡ ላይ ወፏ የተፈለፈለችበት አገር አይጻፍም። የሚጻፈው የዝርያዋ ስም፣ ቁጥሯና በዚያን ቀን የቆመችበት ውኃ ስም ነው።